የአክስቴ ልጅና ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር

ጤና ይስጥልኝ፣

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ከከፈትኳት 3 ዓመቷ ነው። ብቻዬን ስንገላታ ያየችኝ እናቴ «ባዳ ከምታስገቢ የአክስትሽን ልጅ አምጪው፤ 12ኛን ተፈትኖ ውጤት ሳይመጣለት ቤት ቁጭ ብሏል» አለችኝ። አመጣሁት። ከደብረ ብርሃን በአንድ ሻንጣ ሲመጣ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ የተቀበልኩት እኔው ነኝ። 22 ዓመቱ ነው፣ ከመጣ 8 ወሩ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። እትዬ፣ ጋሼ እያለ ደንበኛ መያዝ ያውቅበታል። ወፍጮ ቤትም ወረፋ ጠብቆ አስፈጭቶ ይመጣል። ቆይቶ ግን 1፡30 ክፈት ያልኩትን ሱቅ 3፡00 ሰዓት ይከፍት ጀመር። ስቆጣው ይስቃል። ለጓደኞቹ በዱቤ ይሰጣል፣ አይጽፍም። በርበሬውም እየጎደለብኝ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛዬ ደውላ «ብሩ ገባልሽ አይደል?» አለችኝ። አልገባልኝም። ስክሪንሾት ላከችልኝ። የ3 ኪሎ በርበሬ 2,400 ብር በቴሌብር የገባው በሱ ስም ነው። በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ስልክ ቁጥሬን አየሁት። ከስሩ በእስክሪብቶ ሌላ ቁጥር ተጽፏል። የሱ።

ለእናቴ ብነግራት «የእህቴን ልጅ ሌባ ልታደርጊው ነው?» ብላ አኮረፈችኝ። ላባርረው ወይስ ዝም ልበል? ቤቴ ያድራል፣ ከልጆቼ ጋር ይበላል። ምን አጎደልኩበት?

ግራ የገባት ባለ ባልትና

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት አንድ ነገር ፈልጌ ነው፤ አጣሁት። ለመሆኑ ደሞዙ ስንት ነው? ሻንጣውን ጽፈሻል፣ የበርበሬውን ኪሎ ጽፈሻል፣ ደሞዙን ግን የትም የለም። ያልጻፍሽው ስለሌለ ይመስለኛል። ከተሳሳትኩ ይቅርታሽን።

እኔም ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት አጎቴ ሱቅ እሠራ ነበር። ወር ሲሞላ የገንዘብ ነገር ካነሳሁ «አንቺ ልጄ አይደለሽ እንዴ!» ይለኛል። እሺ፣ ልጁ ሆንኩለት። መጀመሪያ ማስቲካ ወሰድኩ፣ ቀጥሎ ከመሳቢያው ሳንቲም፣ አንድ ቀን የጫማ ብር። እየሰረቅኩ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። እየሰረቅኩ ነበር።

ልጁን ነጻ እያወጣሁት አይደለም። ያንን ቁጥር ሲጽፍ የሚያደርገውን ያውቃል። ግን «ምን አጎደልኩበት» ላልሽው መልሱ የ8 ወር ደሞዝ ነው። ማደሪያና ምግብ ይበቃል እንዳትዪኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአክስት ልጅ የተለየ አንቀጽ የለውም። ደሞዝ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል ይላል። ተስማምታችሁ በዓይነት ብትሰጪው እንኳ ከጥሬ ገንዘቡ 30 በመቶ መብለጥ አይችልም። የጽሑፍ ውል ካልነበራችሁ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ ፈርመሽ ልትሰጪው ይገባ ነበር። ጡረታም አለ፤ 11 በመቶ ካንቺ፣ 7 በመቶ ከሱ። ነገ ብታባርሪው ከሳሽ የሚሆነው እሱ ነው።

እሁድ ሱቁን ዝጊና ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡ። እናትሽ እንዳይኖሩ። መጀመሪያ የራስሽን ተናገሪ፤ «8 ወር ሙሉ ሳልከፍልህ ቆይቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» በይው። ይሄ ከአፍ እንደማይወጣ አውቃለሁ፣ ግን ይውጣ። ከዚያ ስክሪንሾቱን አሳዪውና ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም አንቺ አትሙይው። «ካለብሽ ላይ ቀንሺው» ካለ ወይም አንገቱን ከደፋ፣ ይህ ልጅ ይሠራል። «ሴትየዋ ተሳስታ ነው» ብሎ ከማለ ግን የሠራበትን ከፍለሽ፣ ትራንስፖርቱንም ጨምረሽ ሸኚው።

ከቀረ ደሞዙን በቁጥር፣ የሚከፈልበትን ቀንም በቀን ተስማሙና ጻፉት። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ቅደጂው፣ ያንቺንም ጭምር። በሱቁ ስም የነጋዴ ቴሌብር አውጥተሽ ኪውአሩን ለጥፊ፤ ክፍያው ያንቺም የሱም ኪስ አይገባም። ለዱቤ አንድ ደብተር ይበቃል፤ ያልተጻፈ ዱቤ ከደሞዙ እንደሚታሰብ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ለብቻው ቤት መከራየት ከቻለ ደግሞ ለሁላችሁም እረፍት ነው።

በርበሬውን ግን በሱ ላይ ለመጫን አትቸኩይ። ዛላው ሲቀነጠስ ይቀንሳል፣ ሲደርቅ ይቀንሳል፣ ወፍጮ ላይ ይበናል። ስንት ኪሎ ዛላ ገብቶ ስንት ኪሎ ዱቄት እንደወጣ አንድ ጊዜ ራስሽ ቆመሽ መዝኚ። መዝነሽ የምታውቂ አልመሰለኝም፤ ሳይመዘን ደግሞ ጎደለ ማለት አይቻልም።

እናትሽን በተመለከተ፣ ስለ ስክሪንሾቱ ሁለተኛ አታንሺባቸው። ልጁ ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁሽ «ደሞዝ ቆረጥኩለት» በያቸው። ስንት ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እሱን ንገሪያቸው።