ጉባኤ ስብሰባ ብቻ አይደለም

«ጉባኤ ማለት ስብሰባ ነው፤ ታዲያ ጉባኤ ቤት ለምን ትምህርት ቤት ሆነ?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሥሩ የግዕዙ «ተጋብአ» ነው፤ ተሰበሰበ ማለት። በአብነት ትምህርት (በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት) ግን መሰብሰቡና መማሩ አንድ ነው። የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ በሚሰጥበት በመጻሕፍት ቤት መምህሩ ይቀመጣሉ፣ ተማሪው ይከባቸዋል። አንዱ ንባቡን ያነባል፣ እሳቸው ትርጓሜውን ይሰጣሉ፣ ሌላው በቃሉ ይይዛል። «ጉባኤ ዘረጉ» የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ትርጉም ነው።

«ጉባኤ ቃና» ደግሞ ባለ ሁለት ቤት (ሁለት ስንኝ) ቅኔ ነው፤ የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በሱ ነው። በ325 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኒቅያ ጉባኤ ሲባል የሃይማኖት ውሳኔ የተሰጠበት የጳጳሳት ስብሰባ ነው። በአክሲዮን ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ግን ነገሩ ቁጥር ነው፦ ምልዓተ ጉባኤው (ለውሳኔ መገኘት ያለበት ቁጥር) ካልሞላ፣ አዳራሹ ውስጥ ሰው ቢኖርም ውሳኔ የለም።