ጥያቄና መልስ፦ ገዳይ በካሜራ ፊት ሲፎክር

ጥያቄ፦ በ2002 (እ.ኤ.አ.) በሕንድ ጉጃራት ስለደረሰው እልቂት ሳነብ፣ አንድ ጋዜጠኛ ተሳታፊዎቹን በድብቅ እንደቀረጸና ቀረጻው ፍርድ ቤት እንደቀረበ አየሁ። ሰዎቹ ግን ሲፎክሩ ነበር። ፉከራ እንዴት ማስረጃ ይሆናል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ተከላካይ ጠበቆችም የያዙት ይህንኑ ክርክር ነበር። ነገሩ በጉጃራቷ ጎድራ ከተማ በተቃጠለ ባቡር ይጀምራል፤ 59 ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ሂንዱ ተሳላሚዎች ነበሩ። በማግስቱ በበቀል ስም በአህመዳባድ ከተማ፣ ናሮዳ ፓቲያ በሚባል ሰፈር 97 ሙስሊሞች ተገደሉ። በ2007 የቴህልካ መጽሔት ጋዜጠኛ አሺሽ ኬታን ስለ ሂንዱ ንቅናቄ የሚያጠና ተመራማሪ መስሎ የእልቂቱን ተሳታፊዎች ቀረባቸው፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ባቡ ባጅራንጊ የሠራውን በኩራት ዘረገፈለት።

በሕንድ ሕግ ለፖሊስ የተሰጠ የእምነት ቃል ተቀባይነት የለውም። ጋዜጠኛ ግን ፖሊስ አይደለም፤ በሩ የተከፈተው በዚህ ነው። ሆኖም ፉከራ የሚመዘነው ከሌላ ማስረጃ ጋር ተገጥሞ ነው፤ ከሟች ቤተሰብ ቃል፣ ከስልክ መዝገብ፣ ከአስከሬን ምርመራ። ባጅራንጊ በአንዲት ነፍሰ ጡር ላይ አደረግሁ ብሎ የተናገረው ለምሳሌ፣ አስከሬኗን የመረመረው ሐኪም ለፍርድ ቤት ከሰጠው ቃል ጋር አልተስማማም። ቢሆንም በ2012 ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ የጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 ጥፋተኛነቱን አጽንቶ ቅጣቱን ወደ 21 ዓመት ዝቅ አደረገ።

ጥያቄ፦ ቀረጻው ተቆራርጧል፣ ተቀነባብሯል የሚለውን ክስ እንዴት ተሻገሩት? እኛስ ብንቀርጽ ምን እንጠንቀቅ? (ጀማሪ ጋዜጠኛ)

መልስ፦ የሕንድ ማዕከላዊ ምርመራ ቢሮ ቀረጻዎቹን በጃይፑር የፎረንሲክ ቤተ ሙከራ አስመረመረ፤ እውነተኛ መሆናቸው ተረጋገጠ። ይህ የሚቻለው የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ሲቆይ ብቻ ነው። ጋዜጠኛውም ራሱ ምስክር ሳጥን ውስጥ ቆሞ መስቀለኛ ጥያቄ መመለስ ነበረበት። ለዚህ ያልተዘጋጀ ሰው ከመጀመሪያውም አይቅረጽ።

የካሜራውን ሰዓት ከመውጣትዎ በፊት ያስተካክሉ። የሰዓት ስህተት ትንሽ ይመስላል፤ ችሎት ላይ ግን «ያን ቀን እዚያ አልነበርኩም» ለሚል ተከሳሽ ትልቅ ስጦታ ነው። ከበሩ ውጭ መቅረጽ ጀምረው ቀን፣ ቦታና ሰዓት በድምፅዎ ይናገሩ፤ እስከ ስንብቱ አያቋርጡ። ትንንሽ ካሜራዎች ብዙውን ጊዜ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሲሞላ ይከፍሉታል፤ በመሃል ጥቂት ሰከንድ የሚጠፋበት ሞዴል አለ። ተከላካዩ «እዚህ ጋ ምን ቆረጣችሁ?» የሚለው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሌላ የድምፅ መቅጃ ጎን ለጎን ይሂድ።

ሲመለሱ የካሜራውን ካርድ ምንም እንዳይጻፍበት ይቆልፉት፤ ፋይሎቹን ከካርዱ ላይ አይክፈቱ። ሁለት ቅጂ ይውሰዱ፤ የዋናውንም የቅጂዎቹንም የፋይል አሻራ (ሃሽ ይሉታል፤ ፋይሉ በትንሹም ቢነካ የሚለወጥ ቁጥር ነው) አስልተው ቁጥሩን በወረቀት ይጻፉ። ካርዱን በፖስታ አሽገው ማሸጊያው ላይ ይፈርሙ፤ ማን፣ መቼ እንደነካው በመዝገብ ይያዝ። በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ የተላከ ቅጂ የተጨመቀ ስለሆነ ዋናውን አይተካም። ስንቱ ጥሩ ቀረጻ በዚህ መንገድ ከንቱ ሆኗል!

ጥያቄውም ይመረመራል። «ስንት ሰው ገደልክ?» ብሎ መጀመር ቃል ማጉረስ ነው፤ «ያን ቀን ጠዋት የት ነበርክ?» ይበሉና ዝም ይበሉ። ገንዘብም መጠጥም አይቅረብ። የተናጋሪውን ቋንቋ ቃል በቃል ይገልብጡ፤ ትርጉሙ ለብቻው ይቀመጥ፣ ተርጓሚውም ለምስክርነት ሊጠራ ይችላል።

ጥያቄ፦ በቀረጻው ስማቸው የተነሣ ሌሎች ሰዎችስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀረጻ የሚከብደው በተናጋሪው ላይ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራው ብቻውን ብዙም አይቆምም። የቀድሞዋ የጉጃራት ሚኒስትር ማያ ኮድናኒ በዚሁ የናሮዳ ፓቲያ ጉዳይ በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 28 ዓመት ተፈርዶባቸው በ2018 ነጻ ወጡ፤ የምስክሮቹ ቃል እርስ በርሱ ተጋጭቷል ተብሎ። ስለዚህ አንድ ሰው የሌላውን ስም ሲጠራ «ደስ አለን፣ ያዝነው» አይበሉ፤ በዚያው ሳምንት ያንን ስም ከቀረጻው ውጭ የሚያጸና ሁለተኛ ምስክር ይፈልጉ። ከጥቃቱ የተረፉ ሰዎች ፊትና አድራሻ ግን በምንም ምክንያት አይታተም።