ካርልሰን፦ 101 ነጥብና የተከላካይነት ጥያቄ

«101 ነጥብ ያመጣ ተከላካይ እንዴት መከላከል አይችልም ይባላል?» ብለህ ለጠየቅከው፣ ሁለቱም እውነት ነው ወንድሜ።

የበረዶ ሆኪ ተከላካዩ ኤሪክ ካርልሰን በ2022-23 ለሳን ሆዜ ሻርክስ ቡድን 25 ጎል አግብቶ 76 አመቻችቷል፤ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ስለሆነ ድምሩ 101 ነው። ከብራያን ሊች የ1991-92 ውድድር ዘመን ወዲህ 100 የደረሰ ተከላካይ አልነበረም። ለዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የኖሪስ ሽልማትም ለሦስተኛ ጊዜ ወሰደ። ዋናው ችሎታው ፓኳን (በዱላ የሚመቷትን ጠፍጣፋ የጎማ ክብ) ከኋላ ማውጣቱ ላይ ነው። ከራሱ ጎል ጀርባ ያነሳታል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ በሁለት ተጋጣሚ መሃል ሰንጥቆ ያቀብላል። አጥቂው ሲቀበላት ተጋጣሚው ገና እየዞረ ነው።

ጣጣው ፓኳ ስትነጠቅ ነው። እሱ ፊት ይቀራል፣ ጓደኛው ብቻውን ሁለት አጥቂ ይጋፈጣል። ጎሉ አፍ ላይ ያለው ግፊያም ብዙ አይሆንለትም። በዚያው ዓመት እሱ በረዶው ላይ እያለ ቡድኑ ያገባውና የገባበት ጎል ሲቀናነስ (ተጋጣሚ ተጫዋች በቅጣት ወጥቶበት በቁጥር ብልጫ የተገኘ ጎል አይቆጠርም) 26 ጎድሏል። ቡድኑ ራሱ ደካማ ስለነበር ሁሉንም በእሱ አላላክክም። ግን ድርሻ አለው።

እኔ አሰልጣኝ ብሆን፣ ተጋጣሚ ሰው ሲቀጣበት መጀመሪያ የማስገባው እሱን ነው። በአንድ ጎል እየመራን ሁለት ደቂቃ ሲቀር ግን፣ ይቅርታና፣ ወንበር ላይ ይቀመጥልኝ።