ያለ ዳይስ እንዴት ይጫወቱታል? (መልስ)

እህቴ፣ ዋንደርሆምን፣ ተጫዋቾች መንገደኛ ሆነው በጋራ ታሪክ የሚፈጥሩበትን ጨዋታ፣ ከሁለቱ ልጆችሽ ጋር ያለ ዳይስና ታሪኩን የሚመራ ሰው ሳይኖር መጫወት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቻላል፤ ጨዋታው ከመጀመሪያውም የተሠራው እንዲሁ ነው። በዳይስ ፋንታ ምልክት ትሰበስባላችሁ፤ እኛ ጎንደር ቤታችን ሽምብራ እናደርጋለን (ጥሬውን ያዢ፤ ቆሎው እስከ ማታ አይተርፍም)። ሌላውን ለመርዳት ራስን ማድከም፣ የሚወዱትን ዕቃ መስጠት፣ ወይም ቆም ብሎ ያዩትን ውበት ለተጫዋቾቹ መግለጽ አንድ ምልክት ያስገኛል። የሰው ሕመም ለማስታገስ ወይም የተጋረጠ ችግር ለመፍታት ደግሞ ከያዙት ይከፈላል።

መንገደኞቹ ሁሉ እንስሳት ናቸው። ባለፈው ክረምት ልጄ ጭላዳ ሆነች። በጨዋታው ከብቶቹ ነፍሳት ስለሆኑ፣ አንድ ሰነፍ ጥንዚዛ እየነዳች ከስሜን ተራራ ወረደች። ጉሙ ተገልጦ ገደሉ ሲታይ እንዴት እንደሆነ ስትነግረን በቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ረሳነው። አንድ ሽምብራ ሰጠኋት፤ ሁለት ይገባኛል ብላ ተከራከረች።

ወንድሟ ግን ውጊያ ፈልጎ አኮረፈ። ከልጆችሽ አንዱ ሰይፍ ካልያዝኩ የሚል ከሆነ አታስገድጂው፣ ሌላ ጨዋታ ፈልጊለት።