ቦታዬን ወሰደብኝ ለምትሉት

ልጆቼ፣ 26 ዓመት ለእግር ኳስ ክለቦች በወጌሻነት ሰርቻለሁ። የማሻሻ አልጋዬ ላይ የተኛ ተጫዋች የሆዱን ያወራል። ደጋግሜ የሰማሁት ቅሬታ ደግሞ ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ የውጭ ልጅ እኮ ቦታዬን ወሰደብኝ።»

ንዴታችሁ ይገባኛል። አቧራ ሜዳ ላይ አድጎ፣ ስንቱን አልፎ ዋናው ቡድን የደረሰ ልጅ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከናይጄሪያ ወይ ከጋና የመጣ ሰው ማሊያውን ለብሶ ሲያገኘው ያማል። ሁሉም ጎበዝ ናቸው አልላችሁም። በቪዲዮ ብቻ ታይተው መጥተው፣ ስድስት ወር ሳይሞላቸው የተመለሱም አሉ። እነሱን ያስፈረመ ሰው እናንተን ይቅርታ ሊጠይቅ ይገባል።

ጥሩዎቹን ግን እዩልኝ። ሮበርት ኦዶንካራ ከዩጋንዳ መጥቶ የቅዱስ ጊዮርጊስን በር ለዓመታት ጠበቀ። ሳሙኤል ሳኑሚ በ2007 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ክለብ ማሊያ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲወስድ የግቦቹ ጌታ ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። ቋንቋው ሳይገባቸው፣ ቤተሰብ ርቋቸው፣ እንጀራውን ገና እየለመዱ።

እኔ የምመሰክረው በእጄ የነካሁትን ነው። አንድ ጋናዊ ተከላካይ ነበረን። ቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ካበጠ ልምምድ ሳይጀመር ይመጣል፤ የት እንደሚያመው፣ መቼ እንደጀመረው፣ ማታ ስንት ጊዜ በረዶ እንዳደረገበት ሳይቀር ይነግረኛል። በዚያው ሳምንት አንድ የኛ ልጅ፣ በጣም የምወደው ልጅ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ መቀመጥ ፈርቶ የቋንጃ ህመሙን ደብቆኝ ገባ። በ20ኛው ደቂቃ ጡንቻው ተቀደደ። የውድድር ዓመቱ በዚያው አለቀበት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጋናዊውም እኮ ይፈራ ነበር፤ ካልተሰለፈ ክለቡ ይሸኘዋል። ግን ሰውነቱ እንጀራው ነውና አይዋሽበትም።

እነዚህ የውጭ ልጆች ወረቀትም ያነባሉ። ያ ክለብ ደሞዝ ማዘግየት ሲጀምር የኛ ልጆች ኮሪደር ላይ ያጉረመርማሉ፣ ጋናዊው የውሉን ኮፒ አውጥቶ ቀን ይቆጥራል። የፊፋ ደንብ ላይ፣ የሁለት ወር ደሞዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ አሳውቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠ በኋላ፣ ካልተከፈለው ውሉን ማቋረጥ ይችላል የሚል አለ። እሱ ይሄን ያውቅ ነበር። ከናንተ ስንቶቻችሁ የፈረማችሁት ውል እጃችሁ ላይ አለ? ከሌለ ነገ ጠዋት ሄዳችሁ ጠይቁ።

እናንተም ነገ ሰው አገር ትጫወቱ ይሆናል። ሳላዲን ሰኢድና ሽመልስ በቀለ ግብፅ፣ ጌታነህ ከበደ ደቡብ አፍሪካ የውጭ ተጫዋች ነበሩ። በህንድ ሱፐር ሊግ ታሪክ የመጀመሪያዋን ግብ ኮልካታ ከተማ ውስጥ ያገባው የኛው ፍቅሩ ተፈራ ነው። ያን ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደናንተ የተናደደ ህንዳዊ አጥቂ አይጠፋም።

እና ካምፕ ውስጥ ብቻውን የሚበላ የውጭ ልጅ ካያችሁ ሳህናችሁን ይዛችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ጋናዊውን ለፋሲካ ቤቴ ወስጄው ነበር። ባለቤቴ ያቃጥለዋል ብላ በርበሬውን ብትቀንስለት ሚጥሚጣ ይምጣልኝ አለ። ስለ ታላቅ ወንድሙ ያወራኝ ያን ማታ ነው። ወንድሙም ኳስ ተጫዋች ነበር። የጉልበት ህመሙን ደብቆ ሲጫወት ቆይቶ በ22 ዓመቱ አቆመ።