የጎልፍ ስዊንግህን ከማፍረስህ በፊት ኳሶችህን ቁጠር

ወንድማችን፣ ቨርጂኒያ 11ኛ ክፍል ነህ፤ ሀንዲካፕህ (የጎልፍ ችሎታ መለኪያ፤ ሲያንስ ይሻላል) 3 ነው። በኮሌጅ ጎልፍ ስኮላርሺፕ አግኝተህ ኋላ አሰልጣኝ መሆን ትፈልጋለህ። ክለቡን (መምቻውን) ስታነሳው ወደ ውጭ ይሸሻል፣ ስትመልሰው ዞሮ ከውስጥ ይመጣል። ያየህ ሁሉ «በዚህ ስዊንግ (አመታት) ማንም አይወስድህም» ስላለህ አፍርሼ ልሥራው ወይ ብለሃል።

አሁን አታፍርሰው። የአሜሪካዊው ጎልፈኛ የጂም ፊዩሪክ ስዊንግ የዚሁ ዘመድ ነው። በልጅነቱ ያሠለጠነው በጎልፍ ክበብ አስተማሪ የነበረው አባቱ ነው፤ ይህን የክለቡን ጥምዝ መንገድም አልነካበትም። ፊዩሪክ በ2003 የአሜሪካን ኦፕን ውድድር አሸነፈ፣ በ2016 ኮኔቲከት ውስጥ አንድ ዙር በ58 ምት ጨረሰ። ክለብና ኳስ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ኳሱ የሚያውቀው በዚያች ቅጽበት ክለቡ በምን ፍጥነት፣ በየት በኩል፣ ኳስ የሚመታውን ፊቱን ወዴት አዙሮ እንደመጣና በየቱ ቦታ እንደነካው ብቻ ነው። ከትከሻህ በላይ የሆነውን ማን ይነግረዋል?

ስለዚህ ለካ። ስልክህን ከኋላህ፣ በዒላማው መስመር፣ በእጅህ ቁመት አቁም። በ7 አይረን (ብረት ራስ ባለው መካከለኛ ክለብ) 20 ኳስ ምታ። ከእያንዳንዱ በፊት በኳሱ ጀርባ የነጭ ሰሌዳ ማርከር ነጥብ አድርግ፤ ቀለሙ የክለቡ ፊት ላይ ታትሞ የመታህበትን ቦታ ያሳይሃል። ኳሱ ወዴት ጀመረ፣ ወዴት ታጠፈ፣ ጻፍ። በአይረን የመነሻውን አቅጣጫ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚወስነው የክለቡ ፊት ነው። ስህተትህ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከሆነ ዒላማህን አዛውር፤ ጎልፈኛው ሊ ትሬቪኖ ወደ ግራ አነጣጥሮ ወደ ቀኝ እያጠፈ 6 ሜጀር (ትልልቆቹን ውድድሮች) ወስዷል። አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ ከሄደ ግን ፊቱን አልተቆጣጠርከውም። ያኔም ጥምዙን ተወውና ግሪፕህን (የክለብ አያያዝህን) ፈትሽ፤ ብዙ ጊዜ ግራ እጅ ላይ ክለቡ ሲላላና መሃል ላይ እንደገና ሲጨበጥ ነው የሚበላሸው። ጎልፈኛው ስኮቲ ሸፍለር ሲመታ ቀኝ እግሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ እግሩን አትቅዳ። ልምምድ ሲጀምር ግን ጣቶቹን በቦታቸው በሚያስይዝ መለማመጃ ግሪፕ ያሟሙቃል፤ ይህችን ስረቅ።

የእጅ አንጓህ ወይም ወገብህ የሚያምህ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ለውጠው፣ ውድድር በሌለበት በብርዱ ወራት።

እውነቱን ለመናገር የሚያሰጋህ ስዊንግህ ሳይሆን ስኮርህ ነው። ሀንዲካፕ 3 ለዲቪዚዮን 1 (ለከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) የወንዶች ቡድን በቂ ላይሆን ይችላል። ዲቪዚዮን 2ና የሁለት ዓመት ኮሌጆችን ጨምር፤ ዲቪዚዮን 3 በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ለአሰልጣኞቹ ዛሬውኑ ጻፍ፦ የውድድር ስኮሮችህን ከሜዳው ርዝመትና ሬቲንግ (የክብደት ደረጃ) ጋር፣ የትምህርት ውጤትህን፣ ከፊትና ከኋላ የተቀረጸ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ። ጥምዙን ቆርጠህ አትደብቅ፤ መጀመሪያ ልምምድ ላይ መታየቱ አይቀርም።

ለአሰልጣኝነትም የአሜሪካ ፒጂኤ (የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር) የመጫወት ብቃት ፈተና የምትህን ብዛት እንጂ የስዊንግህን መልክ አይቆጥርም። ስታስተምር ግን ጥምዝህን ለደንበኛ አታውርስ፤ በሳምንት አንዴ 50 ኳስ የሚመታ ሰው ያንን እንቅስቃሴ በጊዜው ማድረስ አይችልም። ለእሱ ከግሪፕና ከአቋቋም ጀምርለት።