ብየዳና ፕላዝማ በአንድ ማሽን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ባብዛኛው ስለ አዲሶቹ ባለ ብዙ ተግባር ማሽኖች ናቸው። አንዱ ሳጥን በኤሌክትሮድ ይበይዳል፣ በቲግ (በማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግና በጋዝ) ይበይዳል፣ በፕላዝማም (በጋለ አየር) ይቆርጣል። እነዚህን ማሽኖች እወዳቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአየሩ ወይም የገመዱ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ሲወቀስ አያለሁ። ይህ ያሳዝነኛል፤ መልሶቼም ወደዚያው ያደላሉ።

ጥያቄ፦ ሦስቱንም የሚሠራ አንድ ማሽን ይሻለኛል ወይስ ለየብቻ ልግዛ?

ቦታ ለሚያጥረውና የጥገና ሥራ ለሚበዛበት ሰው አንዱ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ላሜራ የሚቆርጥ ከሆነ ግን ለየብቻ ቢሆን ይሻላል። አንዱ ካርድ (የውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ሲቃጠል ብየዳውም ቁርጡም አብረው ይቆማሉና። አንድ ነገር ሳይጠይቁ አይግዙ፦ ቲጉ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) ብቻ ነው ወይስ ኤሲም (አቅጣጫው የሚቀያየር) አለው? ብዙዎቹ ዲሲ ብቻ ናቸው። በዲሲ ብረትና ስቴይንለስ ያምራል፣ አሉሚኒየም ግን እሺ አይልም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን 2,000 ዲግሪ አልፎ ነው የሚቀልጠው። ያንን ሽፋን የሚያጸዳው ኤሲ ነው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ላይ ፕላዝማው እንደ ጉድ ይቆርጥ ነበር። አሁን የቶርቹ (የመቁረጫ እጀታው) ኖዝልና ኤሌክትሮድ ቶሎ ቶሎ ይበላል። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

ከማሽኑ በፊት አየሩን ጠርጥር። ፕላዝማ ማለት በጠባብ ቀዳዳ (በኖዝሉ) የሚያልፍ አየር በኤሌክትሪክ ቅስት ግሎ ራሱ ኤሌክትሪክ ሲያስተላልፍ ነው። ሙቀቱ 20,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ የምትሸከመው በመዳቡ ኤሌክትሮድ ጫፍ መሀል የተቀበረች፣ ከክብሪት ራስ የማትበልጥ ሃፍኒየም የተባለ ብረት ነጥብ ናት። አየሩ ውሃ ወይም ዘይት ከያዘ እሷ ናት ቀድማ የምታልቀው።

ማሽኑን ከሶኬት ንቀልና ቶርቹን ፍታ። የኤሌክትሮዱን ጫፍ ብርሃን ላይ እየው። መሀሉ መጎድጎዱ ያለ ነው። ጉድጓዱ 1 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ከደረሰ ግን ቀይረው። ኖዝሉንም እይ። ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ከሆነ ቅስቱ ይጣመማል፣ የቆረጥከውም ጠርዝ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሁለቱን አብረህ ብትቀይር ይሻላል።

አሁን ወደ አየሩ። የታመቀ አየር ሲቀዘቅዝ ውሃ ያወጣል። ስለዚህ የኮምፕሬሰሩን ታንከር በየቀኑ ከሥር አፍስስ። የውሃ ማጣሪያውን ደግሞ ማሽኑ አጠገብ እሰር። ኮምፕሬሰሩ ላይ ብቻ ካሰርከው አየሩ በረጅሙ ጎማ ሲመጣ ቀዝቅዞ እንደገና ውሃ ይሠራል። ማሽንህ የአየር መሞከሪያ ቁልፍ ካለው ቶርቹን ነጭ ወረቀት ላይ አነጣጥረህ አየሩን ብቻ ልቀቅ። ወረቀቱ ላይ ጠብታ ወይም ቅባት ከታየ ምክንያቱን አገኘኸው።

ግፊቱንም አየሩ እየነፈሰ እያለ አንብብ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ቆሞ 5 ባር የሚያሳይ ጌጅ አየሩ ሲነፍስ 3 ላይ ሊወርድ ይችላል። ትናንሽ ማሽኖች በአብዛኛው ከ4 እስከ 5 ባር ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር መመሪያው ላይ አለ። ቆርጠህ ስትጨርስም ወዲያው አታጥፋው። ከቅስቱ በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች የሚነፍሰው አየር ቶርቹን ያቀዘቅዘዋል።

ጥያቄ፦ «12 ሚሊሜትር ይቆርጣል» ተብዬ ነበር። ይቆርጣል፣ ግን ከሥሩ የቀለጠ ብረት ተጣብቆ ይቀራል።

የተነገረዎት ምናልባት ብረቱን ለሁለት መክፈል የሚችልበት ውፍረት ነው። ጥሩ ጠርዝ የሚሰጥበት ውፍረት ሁልጊዜ ከዚያ ያንሳል። ፍጥነትዎን በፍንጣሪው ይለኩት። ፍንጣሪው ከሥር ወጥቶ ትንሽ ወደ ኋላ ካዘነበለ ልክ ነዎት። ወደ ላይ ከተረጨ ቸኩለዋል፣ ወይም ብረቱ ከማሽኑ አቅም በላይ ነው። ከሥር የተጣበቀው ወፍራምና በመዶሻ በቀላሉ የሚረግፍ ከሆነ ዘግይተዋል። ቀጭንና በግራይንደር ካልሆነ የማይለቅ ከሆነ ፈጥነዋል። የሚቻል ከሆነ ከጠርዝ ይጀምሩ። መሀሉን መብሳት ግድ ከሆነ ቶርቹን አዘንብለው ይጀምሩና ቀዳዳው ሲከፈት ቀጥ ያድርጉት። ያለዚያ የቀለጠው ብረት ኖዝሉ ላይ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ስበይድ ቢጫ መብራት ይበራና ማሽኑ ይቆማል።

ሞቆ ነው። ማሽኑ ላይ «60%» የሚል ካየሽ፣ በተጻፈው አምፒር ከ10 ደቂቃ 6ቱን ሠርቶ 4ቱን ያርፋል ማለት ነው። ማራገቢያው እየሠራ ተይው እንጂ ከሶኬት አትንቀይው።

ጥያቄ፦ የቲጉ ተንግስተን ጫፉ ወዲያው ይቀልጣል፣ ይድቦለቦላል።

ፖላሪቲው (የኔጌቲቭና የፖዘቲቭ አሰካኩ) ተገላብጦ ይሆናል። በዲሲ ቲግ ቶርቹ ኔጌቲቭ ላይ፣ የግራውንድ መቆንጠጫው ፖዘቲቭ ላይ ይሰካል። በኤሌክትሮድ ስትበይድ የነበረውን ሳትቀይር ወደ ቲግ አልፈህ ነው።

ጥያቄ፦ ባዶ የዘይት በርሜል በፕላዝማ ልክፈት?

እባክህ ተው። «ባዶ» የሚባል በርሜል ውስጥ የሚቀረው ትነት አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። በውሃ ማጠብ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም። በዚህ ሰው ይሞታል። ለሥራህ ላሜራ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ በፀሐይ መነጽር ፕላዝማ መቁረጥ ይቻላል?

አይቻልም። የፀሐይ መነጽር ለቅስት ብርሃን አልተሠራም። ከ20 እስከ 40 አምፒር ለሚደርስ ቁርጥ ቢያንስ የጥቁረት ቁጥር 5፣ ከ40 እስከ 60 ደግሞ ቁጥር 6 መስታወት ያስፈልጋል። በዚያው ማሽን ወደ ኤሌክትሮድ ብየዳ ሲያልፉ ቁጥር 10 እና ከዚያ በላይ ያድርጉ። ራሱ የሚጠቁር ማስክ ሊገዙ ከሆነ ከ5 ጀምሮ መስተካከሉን ያረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ከ9 ነው የሚጀምሩት። በ9 ደግሞ የሚቆርጡትን መስመር አያዩትም።